ጋፒዋ ወለደች፣ ጫጩቶቹስ የት ገቡ? ድሬዳዋና ሐረር ላይ ዓሣ ሲያረቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጋፒ የምትባለው ትንሽ የአኳሪየም ዓሣ ለመውለድ የማንንም እርዳታ አትጠብቅም። ወንድና ሴት አንድ አኳሪየም ውስጥ ከዋሉ በአራት ሳምንት ገደማ ጫጩት አለ። ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታቆይ ወንዱ ከወጣ በኋላም ደጋግማ ትወልዳለች። ጣጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሰኞ 40 የነበረው ጫጩት እሑድ ሲቆጠር 6 ይሆናል። ባለቤቱም «ምግቡ አልተስማማቸውም» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። በእኛ አካባቢ ግን በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ውሃው ነው፤ ማዕድን ይበዛበታል፣ ይሞቃል፣ ሮቶ ውስጥ ይከርማል።

ለውሃው የማይሆን ዓሣ መምረጥ

የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው። ማዕድኑ ብዙ መሆኑን ለማወቅ መመርመሪያ አያስፈልግም፤ ማንቆርቆሪያው ሥር የጋገረውን ነጭ ቅርፊት ማየት ይበቃል። ይህ ውሃ ለጋፒ፣ ለሞሊ፣ ለፕላቲና ለስዎርድቴይል ይመቻል። ኒዮን ቴትራ ግን ዘሩ ማዕድን ከሌለው የአማዞን ገባር ስለሆነ እዚህ ቢኖርም እንኳ እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈለፈል ይቀራል።

ከዚህ የባሰው ውሃውን «ለማለስለስ»፣ ማለትም ማዕድኑን ለመቀነስ ብሎ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው። አሲዱ ፒኤች የሚባለውን የውሃ አሲድነት መለኪያ (ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ለጥቂት ሰዓታት ያወርደዋል፣ ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ጫጩት የሚሞተው በዚህ መውጣትና መውረድ ነው። ቢበዛም የማይለዋወጥ ፒኤች ይሻላል።

ከሮቶ ቀድቶ በቀጥታ መጨመር

ፀሐይ ላይ ያለ ጥቁር ሮቶ ድሬዳዋ ውስጥ ቀትር ላይ ለእጅ እንኳ ይሞቃል። አኳሪየሙ 27 ዲግሪ ሆኖ ከዚያ የተቀዳ ውሃ ሲገባበት ጫጩቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ጎናቸውን ይሰጣሉ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይቅዱ፣ ቤት ውስጥ በባልዲ ያሳድሩ፤ በሁለቱ ውሃዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ዲግሪ አይብለጥ።

«ሮቶ ውስጥ ስለከረመ ክሎሪኑ ወጥቷል» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ክዳኑ የተዘጋና ትናንት ማታ የተሞላ ሮቶ ክሎሪኑን ይዞ ይቆያል፤ ውሃ አጋር የተጨመረበት ጀሪካንማ አይነሳ። አፉ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ክፍቱን ይቀመጥ፣ ወይም የአየር ፓምፕ ድንጋይ ተነክሮበት ይደር። 40 ሊትር ለሚይዝ የጫጩት አኳሪየም በቀን ከ4 እስከ 6 ሊትር መቀየር በሳምንት አንዴ ግማሹን ከመድፋት እጅግ ይሻላል። የገባውም ውሃ በቀጭን የአየር ቱቦ ቀስ ብሎ ይውረድ።

የተነነውን ብቻ መተካት ደግሞ እንደ መቀየር አይቆጠርም። ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል፤ ከወር በኋላ ከቧንቧው የባሰ ጨዋማ ይሆናል።

ያልበሰለ አኳሪየም ውስጥ ማስወለድ

ከዓሣው ዓይነ ምድርና ከተረፈ ምግብ አሞንያ ይወጣል። እሱን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ላይ ለመስፈር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። ይህ የትም አገር ያው ነው፤ እዚህ ግን ቅጣቱ ይከብዳል። አሞንያ በይበልጥ መርዝ የሚሆነው ፒኤች ከፍ ሲልና ውሃ ሲሞቅ ነው። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው ድርሻ አሥር እጥፍ ሊጠጋ ይጨምራል። ስለዚህ ለስላሳ ውሃ ያለው ሰው የሚያመልጠው ስህተት ድሬዳዋ ላይ አያስመልጥም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጥሩ የሚሠራ አኳሪየም ውስጥ ለአንድ ወር የቆየ ስፖንጅ ፊልተር ወደ ጫጩቶቹ ያዛውሩ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አያጥቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል፤ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። ስፖንጅ ፊልተር ሌላም ጥቅም አለው፦ ጫጩት አይስብም፣ መብራት ሲጠፋም ክፍት ውሃ ውስጥ ስለሆነ ባክቴሪያው ቶሎ አይታፈንም። ዝግ ካኒስተር ፊልተር ያለው ሰው መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ወዲያው አያብራው፤ ውስጡ የታፈነውን ውሃ አውጥቶ ይድፋ።

አጎበር መቁረጥ

ጫጩት መለያ መረብ ሲጠፋ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ አሮጌ አጎበር ነው። አይንኩት። ለወባ የሚታደለው አጎበር በፓይሬትሮይድ ኬሚካል የተነከረ ነው፤ ለሰው ብዙም የማይጎዳው መጠን ዓሣን ይገድላል። ቢያጥቡትም አያምኑት። ሻሽ ወይም ቱል ጨርቅ ገዝተው ይጠቀሙ።

በዚሁ መንገድ የሚያልቅ ብዙ ነው። ክፍሉ ውስጥ የትንኝ ወይም የበረሮ መድኃኒት ሲነፋ የአየር ፓምፑ ያንኑ አየር ስቦ ውሃ ውስጥ ይነፋዋል። ፓምፑን ነቅለው፣ አኳሪየሙን በላስቲክ ሸፍነው፣ ከዚያ መስኮት ከፍተው ክፍሉን ካናፈሱ በኋላ ይመልሱ።

የሁለቱን ከተሞች አየር አንድ አድርጎ ማየት

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ለዓሣው ግን ሌላ አገር ነው።

ድሬዳዋ ላይ ሂተር የገዛ ሰው ገንዘቡን ጥሏል ማለት ይቻላል። ከግንቦት ጀምሮ የሚያስጨንቀው ከ30 ዲግሪ የሚያልፈው ውሃ ነው። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ የዓሣው ፍላጎት ደግሞ ይጨምራል፤ ጫጩቶቹ ላይ ላዩን ሲያለከልኩ ካዩ ምልክቱ ይህ ነው። ክዳኑን አንስተው ቬንቲሌተር በውሃው ፊት ላይ ቢያነፍሱበት 2 ወይም 3 ዲግሪ ይወርዳል። በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዞ በረዶውን መንከር ግን ለትንሽ አኳሪየም አይሆንም፣ ድንገት ያወርደዋል።

ሐረር ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በአንድ ሊትር 1 ዋት የሚሆን ሂተር ያስፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱን ያቆያል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ባላቸው የጀጎል ቤቶች ውስጥ የሙቀቱ መለዋወጥ ያንሳል፤ ከበር አጠገብ ብቻ አያኑሩት።

እናትየዋን በመጨረሻው ሰዓት ማንቀሳቀስ

ሆዷ አራት ማዕዘን ሲመስልና ከኋላ ያለው ጥቁር ነጥብ ሲሰፋ ብዙ ሰው በመረብ አፍሶ ጠባብ የማዋለጃ ሣጥን ውስጥ ይከታታል። ደንግጣ ያለ ጊዜው ትጥላለች። ከሳምንት በፊት ያዛውሯት፣ ወይም ከነጭራሹ ትተው እንደ ጃቫ ሞስ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ተክል ያብዙላት። ከወለደች በኋላ እናትየዋ ትውጣ፤ ርኅራኄ የላትም፣ ትበላቸዋለች።

ከአፋቸው የሚበልጥ ምግብ፣ ከሆዳቸው የሚበልጥ መጠን

የእንቁላል አስኳል የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው፣ የመጀመሪያውም ገዳይ። በጨርቅ ተጨምቆ የመርፌ ራስ ያህል ለ30 ጫጩት በቂ ነው፤ ከዚያ ያለፈው በሙቀቱ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል። ለጋፒ በደንብ የተፈጨ ደረቅ ምግብ በቀን ከ4 እስከ 5 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይሻላል።

ከሁሉም የሚልቀው አርቴሚያ ነው፤ ከደረቅ እንቁላሉ በጨው ውሃ የሚፈለፈል ደቃቅ የውሃ ፍጡር። በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው (አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ገደማ)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል፣ ጠንካራ አየር፣ ብርሃን። 28 ዲግሪ ላይ በ24 ሰዓት ይፈለፈላል፣ ድሬዳዋ ላይ የክፍሉ ሙቀት ብቻ ይበቃዋል፤ ሐረር በብርድ ወቅት ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። አየሩን አጥፍተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ሕያዋኑ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከታች በቱቦ ስበው፣ በጨርቅ አጥልለው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ይስጡ። ቅርፊቱ አይፈጭም፣ የጫጩቱን አንጀት ይዘጋል። በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ የያዘውን ስንቅ ራሱ ይጨርሰዋል።

እንደ ዳንዮና ቤታ ያሉ እንቁላል ጣዮች ጫጩታቸው ከዚህም ያንሳል፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አረንጓዴ ውሃ፣ ማለትም ፀሐይ ላይ ቆይቶ ረቂቅ አልጌ የበቀለበት ውሃ ይፈልጋሉ። የድሬዳዋ ፀሐይ ይህን በጥቂት ቀን ያዘጋጃል። ውሃው የሚዘጋጅበትን ማሰሮ ግን በጥቅጥቅ ጨርቅ ይሸፍኑት። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲያገረሽ ስሟ የተነሳው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ የምትራባው በትክክል እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።

የቤታ ጫጩት ሌላ ጣጣም አለበት፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከውሃው በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ይጀምራል። የድሬዳዋ ደረቅ አየር አይስማማውም፣ ስለዚህ አኳሪየሙ በላስቲክ ወይም በመስታወት ተከድኖ እርጥበቱን ይያዝ።

ሁሉንም አብሮ ማቆየት

በአራተኛው ሳምንት ወንዱ የጋፒ ጫጩት ይታወቃል፤ ከሆዱ ሥር ያለው ክንፍ ከማራገቢያነት ወደ ቀጭን ዘንግ ይለወጣል። ያኔ ካልለዩአቸው እህትና ወንድም ይዋለዳሉ። ይህ ለብዙ ትውልድ ሲቀጥል ጀርባው የጎበጠ፣ ጭራው የደከመ ዓሣ ይበዛል። በየሁለት ሦስት ትውልዱ ከሌላ አርቢ ወንድ ይለዋወጡ፤ የመጣውን ግን ከመቀላቀልዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ለብቻው ያቆዩት።