የሐረጎን ቁልቁለት ከጥሬ ባይት ማውጣት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ኮምቦልቻ ሲደረስ ጃኬት ይወልቃል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ይህንኑ ቁልቁለት ዛሬ ከአንድ ፋይል ውስጥ በሲ ቋንቋ እናወጣዋለን።

በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የምድርን ከፍታ በራዳር ለካች። መረጃው ኤስአርቲኤም ይባላል፤ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ሁለቱም ከተሞች ያሉት «ኤን11ኢ039» በሚባለው ቁራጭ ውስጥ ነው። ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን መሬት ይይዛል። አንዱን ዲግሪ ለ1,200 የሚከፍለውን የኤችጂቲ ቅጂ (የኤስአርቲኤም ፋይል ዓይነት ነው) አውርዱ።

ይህ ፋይል ራስጌ፣ ማለትም ስለ ይዘቱ የሚናገር መግቢያ፣ የለውም። ስንት ረድፍና ስንት ዓምድ እንዳለው የትም አልተጻፈም፤ የተደረደረ ባይት ብቻ ነው። ቅርፁን የምንሰጠው እኛ ነን። ስለዚህ መጀመሪያ መጠኑን አረጋግጡ። 1,200 ክፍል ሁለቱም ጠርዝ ሲቆጠር 1,201 ነጥብ ይሆናል። 1,201 ረድፍ በ1,201 ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር 2 ባይት፦ 2,884,802 ባይት መሆን አለበት። አንድ ባይት ቢጎድል እንኳ አትቀጥሉ። 25,934,402 ከሆነ የደረሳችሁ 3,601 በ3,601 የሆነው ጠራ ያለው ቅጂ ነው።

ቀጥሎ ንባቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቆም እንበል። የተለመደው አካሄድ ፋይሉን የቻር አሬይ (የባይት ድርድር) ውስጥ መሙላት፣ ከዚያ ፖይንተሩን (አድራሻውን) ወደ 16 ቢት ቁጥር ካስት ማድረግ፣ ማለትም ባይቶቹን እንደ 16 ቢት ቁጥር ቁጠራቸው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የሲ ደንብ ግን አይፈቅደውም። የቻር አሬይ ጎዶሎ አድራሻ ላይ ሊጀምር ይችላል፤ አንዳንድ ፕሮሰሰር ደግሞ 16 ቢት ቁጥር ከጎዶሎ አድራሻ አንብብ ሲሉት ፕሮግራሙን ያቆመዋል።

እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። አስቀድማችሁ 1,201 በ1,201 የሆነ፣ ኔጌቲቭም የሚይዝ የ16 ቢት አሬይ አውጁ። ከዚያ ኤፍሪድ የተባለው የሲ የፋይል ማንበቢያ ፋንክሽን ባይቶቹን በቀጥታ እዚያው ያፍስስ። ቁጥርን እንደ ባይት መንካት በሲ ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው የባይት አሬይን እንደ ሌላ ነገር መንካት ነው። አሬዩ ስታቲክ ይሁን። ፋንክሽን ውስጥ እንዲሁ ካወጃችሁት የዊንዶውስ የ1 ሜጋባይት ስታክ (የፋንክሽኖች ጊዜያዊ ማስታወሻ) አይችለውም። ፋይሉንም በባይናሪ ሞድ ክፈቱ።

አሁን የባይቶቹ ቅደም ተከተል። ፋይሉ ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ ላፕቶፖቻችን ደግሞ ትንሹን። 2,500 ሜትር ፋይሉ ላይ 9 እና 196 ሆኖ ይጻፋል፦ 9 በ256 ተባዝቶ፣ 196 ይደመርበታል። ሳትገለብጡ ካነበባችሁት −15,351 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ገልብጡ። ከገለበጣችሁ በኋላ −32,768 የሚል ካገኛችሁ ልኬት የሌለው ቦታ ነው፤ ዝለሉት።

የቀረው ቦታውን ማግኘት ነው። የመጀመሪያው ረድፍ 12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ለረድፉ ከ12 ላይ ኬክሮሱን ቀንሱና በ1,200 አባዙ። ለዓምዱ ከኬንትሮሱ ላይ 39 ቀንሱና እንዲሁ አባዙ። ደሴ 11.13 ሰሜን፣ 39.63 ምሥራቅ ብንል ረድፍ 1,044፣ ዓምድ 756 ትሆናለች። ኮምፓይለሩ 1,044ን በ1,201 አባዝቶ 756 ይደምራል፤ በ2 ሲያባዛው ባይት 2,509,200 ላይ ይደርሳል። ይህን በእጃችሁ የምትሠሩ ከሆነ በ1,200 እንዳታባዙ አደራ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ አንድ ቦታ እየተንሸራተተ ተራራው ሁሉ ተንጋዶ ይወጣል።

ኮምቦልቻን ረድፍ 1,104፣ ዓምድ 876 ላይ አንብቡና ሁለቱን ቁጥሮች አትሙ። ልዩነታቸው ወደ 600 ሜትር ገደማ ከሆነ ባይቶቹን በትክክል አንብባችኋል። ከዚያ ከደሴ ረድፍ ሳትወጡ ዓምዱን ከ756 እየቀነሳችሁ ወደ ምዕራብ ሂዱ። ቁጥሩ ሽቅብ ማለት ሲጀምር የጦሳን ተራራ እየወጣችሁ ነው።