ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? የአደን መኪና ደጋ ላይ ሲያስቸግር

የአርሲና የባሌ ደጋ የመኪና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የሚፈተንበት ቦታ ነው። የደጋ አጋዘን በፈቃድ የሚታደነው እዚያ ነው፤ ከፍታው 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ መንገዱ ደግሞ ጭቃና ድንጋይ። ለዚህ ሥራ መኪና የሚገዛ ሰው ካምቢዮው በምን እንደሚበላሽ፣ ሲበላሽም ጫካ ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ማኑዋል፦ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም፣ የተቃጠለ ሽታ አለ

ፍሪሲዮኑ (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) እየተንሸራተተ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ዕቃውን ይወቅሳል። ደጋ ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፍታው ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 1HZ የተባለው የላንድ ክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ያ ጠንካራ የሚባለው፣ ቱርቦ የለውም። 3,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሲሶ የሚጠጋው የለም። ሹፌሩ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ነዳጅ ይረግጣል፣ ፍሪሲዮኑን ደግሞ ግማሽ ላይ ይይዛል። የፍሪሲዮኑ ሸራ (እየተፋተገ ጉልበት የሚያስተላልፈው ዲስክ) የሚበላው ያኔ ነው።

ቁሙና ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታና በብዙ ጉልበት የሚያዞረው ማርሽ)፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ አይረፍ። ፎር ሎው የገባ መኪና ብዙ ዳገት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይወጣል።

ሸራው ማለቁን ለማወቅ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ደህና ነው። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ሸራው ይቀየር።

አውቶማቲክ፦ የሙቀት መብራት በርቷል፣ ማርሹ ዘግይቶ ይገባል

የካምቢዮው ዘይት ግሏል። ጭቃ ውስጥ ቀስ እያለ ብዙ ጉልበት የሚያወጣ አውቶማቲክ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በዘይት ነው፤ የባከነው ኃይል ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ቁሙ፣ ኒውትራል አድርጉ፣ ሞተሩን ግን አታጥፉ። ሞተሩ ካልዞረ ዘይቱም አይዘዋወርም፣ አይቀዘቅዝም። ስትቀጥሉ ፎር ሎው ተጠቀሙ። ችግሩ ከተደጋገመ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ አስገጥሙ።

ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ካምቢዮው ይንሸራተታል

ማኑዋል ከሆነ ውሃ ውስጥ ፍሪሲዮን ተረግጧል፤ ውሃ በሸራውና በቮላኖው (ሸራው በሚጣበቅበት የሞተሩ ከባድ ጎማ) መሃል ገብቷል። አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ ይስተካከላል። በሚቀጥለው ጊዜ ማርሹን ከወንዙ በፊት ምረጡ፣ እስክትወጡም ፔዳሉን አትንኩ።

አውቶማቲክ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው መዛችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥረጉት። ጤነኛ ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ነው። የእንጆሪ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። በዚያ ዘይት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዱ። መኪናው ተጭኖ ጋራዥ ይግባ፤ ዘይቱ ተደጋግሞ ታጥቦ ይቀየራል።

ባትሪው ሞቷል

ሌሊቱን መብራትና ፍሪጅ በልቶታል። ማኑዋል ተገፍቶ ወይም ቁልቁል ተለቆ ይነሳል፣ አውቶማቲክ አይነሳም። አውቶማቲክ የያዘ ሰው ለካምፑ ሁለተኛ ባትሪ ይግጠም።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይለሰልሳል

ፍሬኑ ግሏል። ቆማችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ በፎር ሎው አንደኛ ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲኩንም ዲ ላይ አትተዉት። በኒውትራል መውረድ በሁለቱም ክልክል ይሁን።

ታዲያ የቱ ይገዛ?

መጀመሪያ ሞተሩን እዩ። ቱርቦ ለሌለው አሮጌ ናፍጣ እኔ ማኑዋል እመርጣለሁ፣ ሹፌሩ አንድና የሠለጠነ ከሆነ። ፍሪሲዮን ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ መካኒክም ይቀይረዋል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚፈታ ግን በየቦታው አይገኝም።

መኪናው በብዙ እጅ የሚነዳ ከሆነ ወይም ከኋላ ቆመው የሚጓዙ መንገድ መሪዎች ካሉ አውቶማቲክ ይሻላል። ዳገት መሃል ቆሞ ሲነሳ አይነቀንቅም፤ ማኑዋል በደካማ ሹፌር እጅ ሰው ይጥላል። (ጠመንጃው በሁለቱም መኪና ላይ ባዶ ይሁን።) አዲሱ የ70 ሲሪስ ላንድ ክሩዘር ባለ 2.8 ሊትር ቱርቦ ሞተርና ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዞ መጥቷል። ቱርቦው የከፍታውን ጉዳት ስለሚቀንሰው ለዚህ ደጋ ይስማማል። ያገለገለ አውቶማቲክ ከሆነ ግን ዘይቱን አሽትቱ። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ዋጋው ምንም ቢረክስ አትግዙ።