ዊንዶውስ 11 ከጫኑ በኋላ ዋይፋይ ሲቆራረጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድጓል። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «አፕግሬድ ካደረግኩት ጀምሮ ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ይሄዳል።» የዋይፋይ ምልክቱ አለ፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ወይም ስብሰባ መሀል ድምፅ ይቆረጥና ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል።

ችግሩ እውነተኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ባለሙያ ሳይጠሩ እቤት የሚፈታ ነው። ነገሩን የሚያባብሰው ጥድፊያ ነው። ሰው ተናዶ ያገኘውን ሁሉ ይነካካል፤ አልሆን ሲለው ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደርጋል። በዚህ መሀል የዓመታት ፎቶና ሰነድ የጠፋባቸው ሰዎች አሉ። ያ እንዳይደርስብዎ ነው ይህን የምጽፈው። መጀመሪያ ግንኙነቱ የሚቆረጠው የት ላይ እንደሆነ ይወቁ። እጅዎን ወደ ሴቲንግስ የሚሰዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሳያጣሩ አፕግሬዱን ጥፋተኛ ማድረግ

አፕግሬዱና የመስመሩ ችግር በአንድ ሳምንት ሊገጣጠሙ ይችላሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደገና እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ «ኖ ኢንተርኔት» ቢል ዊንዶውስ 11 ምንም አላጠፋም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሲቆረጥ በዚያው ዋይፋይ የተገናኘ ስልክ ያንሱ። የስልኩን ሞባይል ዳታ ያጥፉና አንድ ገጽ ይክፈቱ። ስልኩም ካልከፈተ ችግሩ ራውተሩ ወይም መስመሩ ነው። ስልኩ ከከፈተ ኮምፒውተሩን ይመርምሩ። ኬብል ካለዎት ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት። በኬብል የማይቆረጥ፣ በዋይፋይ የሚቆረጥ ከሆነ ጥርጣሬዎ ወደ ዋይፋይ ካርዱና ወደ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያዝ ወደሚያስችለው ትንሽ ፕሮግራም፣ ጠበበ ማለት ነው።

ትንሽ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ፒንግ አለ። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለው ይጻፉና ጥቁሩን መስኮት ይክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ ብለው ይጻፉ፤ ክፍተት ሰጥተው 8.8.8.8 ያስገቡ፤ ሌላ ክፍተት ሰጥተው ሰረዝና ቲ ይጨምሩ። ይህ ቁጥር የጉግል የዲኤንኤስ አድራሻ ነው፤ ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት ነው። ኮምፒውተሩ ያለማቋረጥ ይጠይቃል፣ መልስ ሲመጣ ያሳያል። ሌላ ጥቁር መስኮት ከፍተው በራውተሩ አድራሻ ይድገሙት። ብዙ ቤት ውስጥ 192.168.1.1 ነው። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ሥራዎን ይቀጥሉ። ግንኙነቱ ሲጠፋ ዞር ብለው ይዩ።

ሁለቱም «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ካሉ፣ የተቆረጠው በኮምፒውተሩና በራውተሩ መካከል ነው። ራውተሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ዝም ካለ፣ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው፤ ኮምፒውተሩን አይንኩት። ሁለቱም እየመለሱ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ፣ ዲኤንኤሱን፣ ቪፒኤኑን (ግንኙነትዎን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈውን ፕሮግራም) ወይም የኮምፒውተሩን ሰዓት ይጠርጥሩ። ለማስቆም ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ይጫኑ። ይህች ሙከራ ብዙ ከንቱ ድካም ታስቀራለች።

«አጥፍቼ አበራሁት» ብሎ ማለፍ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለው። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ከፋብሪካው በርቶ ነው የሚመጣው። ሻት ዳውን ሲሉ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የውስጡን ክፍል፣ ድራይቨሮቹን ጨምሮ፣ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ሲያበሩት ያንኑ መልሶ ያነሳል። ስለዚህ የተበላሸው የዋይፋይ ድራይቨር ሁኔታም እንዳለ ይመለሳል።

ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ያስነሳል። አፕግሬድ ከተደረገ በኋላ ማንኛውንም ለውጥ ሲያደርጉ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት ይበሉ። ፋስት ስታርታፕን ለማጥፋት ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ በግራ በኩል የፓወር ቁልፎች ሥራ የሚመረጥበት መስመር ውስጥ ይገባሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፤ ሌላ ጉዳት የለውም።

ባትሪ ቁጠባውን መርሳት

ላፕቶፕዎ ቻርጅ ላይ ሲሆን ደህና፣ በባትሪ ሲሆን የሚቆራረጥ ነው? ወይም ትንሽ ትተውት ሲመለሱ ነው የሚያጡት? እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪ ቁጠባውን ነው። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ዋይፋይ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። አፕግሬዱ አዲስ ድራይቨር ሲጭን የድሮ ምርጫዎ ሊጠፋና ይህ ፈቃድ ሊመለስ ይችላል። መብራት በሄደ ቁጥር በባትሪ ለሚሠራ ሰው ይህ በጣም ያበሳጫል።

ስታርትን በቀኝ ጠቅ አድርገው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። ኔትወርክ አዳፕተርስ ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ስም ሁለቴ ጠቅ ያድርጉ። ብዙውን ጊዜ ኢንቴል፣ ሪልቴክ፣ ኳልኮም ወይም ሚዲያቴክ የሚል ስም ያገኛሉ። ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ላይ የመጀመሪያውን ምልክት ያንሱ፤ ኮምፒውተሩ ይህን መሣሪያ ለኃይል ቁጠባ እንዲያጠፋ የሚፈቅደው እሱ ነው። ኦኬ፣ ከዚያ ሪስታርት። ያው ቀን ለውጡን ያዩታል።

አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ገጽ ጭራሽ አይታይም። የእንቅልፍ አሠራራቸው የተለየ ስለሆነ ነው። ገጹን ለማምጣት ብለው ሬጅስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የውስጥ ምርጫዎች ማከማቻ አይነካኩ፤ ወደ ድራይቨሩ ይለፉ።

ድራይቨር ከየትም ማውረድ

ከአፕግሬድ በኋላ ዋይፋይ የሚቆራረጥበት ዋናው ምክንያት ድራይቨር ነው። ዊንዶውስ 11 ሲጫን ለካርዱ የሚሆን አንድ አጠቃላይ ድራይቨር ይመርጣል። ይሠራል፣ ግን ለእርስዎ ላፕቶፕ ተብሎ የተዘጋጀው ላይሆን ይችላል። ያረጀ፣ ወይም በጣም አዲስ ሆኖ ያልተስማማ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ አድሳለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን መጫን ነው። አንዳንዶቹ የማይሆን ድራይቨር ይጭናሉ፣ አንዳንዶቹ ማስታወቂያና የማይፈለግ ፕሮግራም ይዘው ይገባሉ። ከሁሉ የሚሻለው የላፕቶፕዎ ሠሪ ድረ ገጽ ነው። ኤችፒም ሆነ ዴል ወይም ሌኖቮ፣ ትክክለኛው ሞዴል ቁጥር ከላፕቶፑ በታች ተጽፎ ያገኙታል። በሞዴሉ ፈልገው የዋይፋዩን ድራይቨር ያውርዱ። ከዚያ በፊት ግን የዊንዶውስን የራሱን ጓዳ ይዩ፦ ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ኦፕሽናል አፕዴትስ። ድራይቨር እዚያ ተቀምጦ ባለቤቱን የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ቀድሞው መመለስም መፍትሔ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ሮል ባክ ድራይቨር የሚል ቁልፍ አለ። ደብዝዞ ካልተጫነ ተስፋ አይቁረጡ። አፕዴት ድራይቨር ብለው፣ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከኮምፒውተሩ እንዲፈልግ ያድርጉ፤ ቀጥሎ በኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ እንዲመርጡ የሚለውን ይንኩ። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት እትም ይመጣል። የቆየውን ይምረጡና ይሞክሩት።

ዋይፋዩ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ያብሩ። ኮምፒውተሩ በስልኩ ዳታ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ድራይቨሩንም ያወርዳሉ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ነው። ጥገና ቤቶች ይህን ማጣሪያ ዘለው ይጭኑታል። ሲስተሙ ይነሳል፤ ካርዱ ያረጀ ከሆነ ግን ሠሪው ለዊንዶውስ 11 ድራይቨር ላያወጣ ይችላል። የዚያው ካርድ የዊንዶውስ 10 ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሠራ እሱን ይሞክሩ።

ሌላም አለ። ራውተርዎ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉትን ሁለት የዋይፋይ ሞገዶች በአንድ ስም የሚለቅ ከሆነ፣ አዲሱ ድራይቨር 5ን ሊያስቀድም ይችላል። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ይደክማል። ሳሎን ደህና ሆኖ መኝታ ቤት የሚቆረጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል። በካርዱ አድቫንስድ ገጽ ላይ ፕሪፈርድ ባንድ የሚል ካለ ወደ 2.4 ይቀይሩት።

የድሮ ቪፒኤንና አንቲቫይረስ እንደያዙ መቀጠል

እነዚህ ፕሮግራሞች ተራ ፕሮግራም አይደሉም። በኔትወርኩ መሀል ገብተው እያንዳንዱን መረጃ የሚያጣሩ ድራይቨሮች ይተክላሉ። አፕግሬድ ሲደረግ የድሮው ማጣሪያ ከአዲሱ ሲስተም ጋር ላይግባባ ይችላል። በ2015 ብዙ ሰው ከዊንዶውስ 8.1 ወደ 10 ሲሸጋገር ይህ በግልጽ ታይቷል። የቆየ ቪፒኤን የነበራቸው ኮምፒውተሮች የዋይፋይ ዝርዝር ማሳየት አቃታቸው፤ ማይክሮሶፍትም ለዚሁ መፍትሔ አውጥቶ ነበር።

ቪፒኤኑን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፣ የተከለው ማጣሪያ ይቀራልና። ሙሉ በሙሉ አንኢንስቶል ያድርጉ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ ይሞክሩ። መቆራረጡ ከቆመ ለዊንዶውስ 11 የሚሆነውን አዲስ እትም ይጫኑ። አንቲቫይረስ ከሆነ ሠሪው የራሱ ማስወገጃ ፕሮግራም ስለሚኖረው እሱን ይጠቀሙ። እስከዚያው ዊንዶውስ ዲፌንደር ይጠብቅዎታል።

መጨናነቅን መቆረጥ ብሎ መውሰድ

አፕግሬዱ አለቀ ሲባል አላለቀም። ከዚያ በኋላም ዝማኔ፣ ድራይቨርና የስቶር አፖች ከጀርባ ይወርዳሉ። ፋይልዎን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት ዋንድራይቭም ፋይል መላክ ይጀምራል። ጠባብ መስመር ላይ ይህ ሁሉ ሲደራረብ ገጽ አይከፈትም፣ ስብሰባ ይቆረጣል። በስልክ ሆትስፖት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ ሳያውቁት ያልቃል፤ ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» እያለ ኢንተርኔት የለም።

የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተው ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ አብዛኛውን ዝማኔ በራሱ ማውረድ ያቆማል። ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንም አለ። ያወረዱትን ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲልክ የሚያደርገው እሱ ስለሆነ ያጥፉት። ሰፊ መስመር ያገኙ ቀን ሚተርዱን አንስተው ዝማኔውን ይጨርሱ፤ የደህንነት ማሻሻያ ለረጅም ጊዜ አይዘግይ።

ሰዓቱን አለማየት

የኮምፒውተሩ ቀን ከተሳሳተ ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብለው አይከፈቱም። በቆየ ኮምፒውተር ላይ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲሞት መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው ባትሪ ነው። የሰዓት ክልሉ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን ካጡ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሰዓቱ አንድ ነው።

ኔትወርክ ሪሴትን መጀመሪያ መጫን

ኔትወርክ ሪሴት ጠቃሚ ነው፣ ግን ከባድ ነው። ሁሉንም የኔትወርክ ካርዶች አስወግዶ እንደገና ይጭናል። የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስወርዶችን ይረሳል፣ ቪፒኤንም እንደገና መስተካከል ይፈልጋል። ፓስወርዱን የመስመሩ ሠራተኛ አስገብቶ ከሄደና እቤት ማንም ካላስታወሰው፣ ከሪሴቱ በኋላ ኢንተርኔት የለዎትም። አስቀድመው ይጻፉት። ያልተቀየረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

ከዚያ ውጭ ደግሞ አንዱን ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይጠብቁ፣ ውጤቱን ይጻፉ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይረው ቢሻለው የትኛው እንደረዳ አያውቁም፤ ቢብስም የትኛውን እንደሚመልሱ አያውቁም።

ወደ ፎርማት መሮጥ፣ አሥሩን ቀን ማሳለፍ

ጥገና ቤት ሲወስዱት «ፎርማት እናድርገው» ቢሉዎት፣ «ድራይቨሩን አይታችኋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ችግሩ የድራይቨር ከሆነ ፎርማት የተደረገው ኮምፒውተር ያንኑ አጠቃላይ ድራይቨር ይጭናል፣ ተመልሶም ይቆራረጣል።

ጥፋቱ የዝማኔው የሚሆንበት ጊዜም አለ። በዲሴምበር 2023 አንድ የዊንዶውስ 11 ዝማኔ በተለይ በመሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ላይ ችግር ፈጥሮ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ አምኖ ለውጡን መልሶታል። ያኔ ፎርማት ያደረገ ሰው ያንኑ ዝማኔ መልሶ ነው የሚጭነው። መቆራረጡ የጀመረው ከአንድ ወርኃዊ ዝማኔ ማግስት ከሆነ አፕዴት ሂስትሪ ውስጥ ገብተው እሱን ብቻ አንኢንስቶል ያድርጉት።

ምንም ካልሠራ የመመለሻ መንገድ አለ፣ ጊዜው ግን አጭር ነው። በአፕግሬድ የገባ ዊንዶውስ 11 ለ10 ቀን ያህል የድሮውን ሲስተም ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ፎልደር ያቆያል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ ሲሉ ዊንዶውስ 10 ይመለሳል። ቦታ ለማስለቀቅ ብለው ያንን ፎልደር አስቀድመው ከሰረዙት፣ ወይም ሲስተሙ ከባዶ የተጫነ ከሆነ፣ ይህ በር ዝግ ነው። ከመመለስዎ በፊት ፋይሎችዎን በውጭ ዲስክ ይቅዱ፤ ከአፕግሬዱ በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ይጠፋሉ። ለተመለሱት ማይክሮሶፍት ኢኤስዩ የሚባል የተጨማሪ ዓመት የደህንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ማለትም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ይቆያል። ምዝገባው ዊንዶውስ 10 ላይ በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ነው።