ለአነስተኛ ንግድ ድረ-ገጽ እንዴት ይሰራል? ከሀዋሳ ትንሽ ስቱዲዮ

ሀዋሳ ውስጥ ሦስት ሆነን ድረ-ገጽ እንሰራለን። ቢሯችን አንድ ክፍል ናት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፓችንን ታቅፈን ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ እንወጣለን። ደንበኞቻችን ፔንሲዮኖች፣ አሳ ቤቶችና ክሊኒኮች ናቸው።

ከመጀመሪያ ስራዎቻችን አንዱ የአንድ ፔንሲዮን ድረ-ገጽ ነበር። ገጹ ሲከፈት ሐይቁን ከላይ የሚያሳይ ቪዲዮ ይጀምራል። ጀልባዎቹ፣ የታቦር ተራራ፣ የጠዋቱ ጭጋግ፤ በቢሯችን ዋይፋይ ሲታይ አፍ ያስከፍታል። የፔንሲዮኑ ባለቤት (ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው) እንግዳ መቀበያው ጋ ቆመው በራሳቸው ስልክ ከፈቱት። ነጭ ገጽ መጣ። መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች። ጠበቁ፣ ጠበቁና "ልጄ፣ የከፈልኩት ለዚች ለምትዞረው ነው እንዴ?" አሉኝ።

ያን ቀን አፍሬ ነው የወጣሁት። ስራውንም እንደገና ጀመርነው። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ በኋላ የያዝነው አካሄድ ነው። ራሳችሁ በዎርድፕረስ ወይም በሌላ መስሪያ ብትሰሩትም፣ ባለሙያ ብትቀጥሩም ያው ነው።

1. መጀመሪያ ደብተር ግዙ

ኮምፒውተር አትክፈቱ። ለአንድ ሳምንት ስልኩ አጠገብ ደብተር አስቀምጡና ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ በራሱ አነጋገር ጻፉ። ሳታሳምሩ፣ ሳታርሙ።

የእትዬ ደብተር ላይ የሰፈረው እንዲህ ያለ ነበር። "ክፍል ስንት ነው?" "ሙቅ ውሃ አለ?" "መኪና ግቢ ውስጥ ይገባል ወይስ ውጪ ነው የሚያድረው?" "ከመናኸሪያ ባጃጅ ስንት ይጠይቃል?" "ለገብርኤል ክፍል ይኖራችኋል?" በሳምንቱ ውስጥ "ራዕያችሁ ምንድነው?" ብሎ የደወለ አንድም ሰው የለም። እኛ ግን የመጀመሪያውን ገጽ "ራዕያችን" እና "ተልዕኳችን" በሚሉ ርዕሶች ሞልተነው ነበር።

ጥያቄዎቹን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ከላይ ይገባል። የድረ-ገጻችሁ አወቃቀር በቃ ይኸው ነው።

ደብተሩ ያልጠበቃችሁትንም ያሳያችኋል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ስለዚህ "ለገብርኤል" የሚለው ጥያቄ የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል። ፍቼ ጨምበላላ ደግሞ ሌላ ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ቀኑን ግን በየዓመቱ ከዋክብትን አይተው የሚወስኑት የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ቀኑን ከወዲሁ አትጻፉ። "ቀኑ ሲነገር እዚህ እናሳውቃለን" በሉ፣ ሲነገር ደግሞ በዕለቱ ቀይሩት።

2. ጽሑፉን ጨርሱ፣ ዲዛይኑ ይቆይ

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር መልስ ጻፉ። "ምቹና ዘመናዊ አገልግሎት" የሚለውን ተዉት። "ሙቅ ውሃ ሌሊትም አለ" የሚለው ይበልጣል፣ እውነት ከሆነ ማለቴ ነው።

አቅጣጫ ስትጽፉ ለአንድ ባጃጅ ነጂ አንብቡለት። "ገባኝ፣ እዛች ጋ" ካለ ጨርሳችኋል። "ከየት በኩል?" ካለ እንደገና ጻፉት። በእኛ ከተማ ሰው የሚሄደው በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው፤ ገብርኤል አደባባይ፣ ፒያሳ፣ ፍቅር ሐይቅ፣ አሞራ ገደል። የጉግል ማፕ ምልክታችሁንም ጨምሩ፤ በሩ ላይ ማረፉን ግን በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የእኛ አንዱ ደንበኛ በካርታው ላይ ለወራት ሐይቅ ውስጥ ነበር።

የስም አጻጻፍ ነገርም አለ። ከተማችን ራሷ "ሀዋሳ"፣ "ሐዋሳ" እና "አዋሳ" ተብላ ትጻፋለች። ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው የለመደውን ነው። በላቲን ሲጽፍም አንዱ ኤች ያስገባል፣ ሌላው ይተዋል። ርዕሱ ላይ አንዱን ተጠቀሙና ሌላውን ገጹ ውስጥ በተፈጥሯዊ ቦታ አስገቡት፤ ለምሳሌ "ድሮ አዋሳ ትባል በነበረችው ከተማችን" እንደማለት። ሁሉንም መደርደር ግን ያስጠላል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። "ክፍል የሚለቀቀው 6፡00 ላይ ነው" የሚለውን ቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ያዞረ አንድ ገጽ አይቻለሁ። የውጭ እንግዳ ያንን ካነበበ ጎህ ሲቀድ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። በአማርኛው "ከቀኑ 6 ሰዓት"፣ በእንግሊዝኛው ገጽ ደግሞ 12 ብላችሁ ጻፉ። ቀንም እንዲሁ ነው፤ የእኛም የፈረንጁም ጎን ለጎን ይሁን።

3. ፊደሉን እንደ ፊደላችን ያዙት

ከውጭ የሚወርዱት ቴምፕሌቶች (ተዘጋጅተው የሚመጡ የገጽ ንድፎች) የተሰሩት ለላቲን ነው። ርዕስን በካፒታል፣ ጥቅስን በኢታሊክ ይለያሉ። አማርኛ ካፒታል የለውም፣ ኢታሊኩ ደግሞ ፊደሉን ነፋስ የመታው ሸንበቆ ያስመስለዋል። ርዕስን በመጠንና በውፍረት ለዩ፣ ይበቃል።

መጠኑን ከፍ አድርጉ። በትንሽ መጠን ሲጻፍ ቡ እና ቢ አንድ ይመስላሉ፣ እድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ ይብሳል። እኛ ከ18 ፒክስል (የስክሪን መለኪያ ነጥብ) አንወርድም፣ የመስመሩን ቁመትም የፊደሉን መጠን 1.7 እጥፍ እናደርጋለን። ላቲን ላይ ይህ የተበታተነ ሊመስል ይችላል። አማርኛ ላይ ግን መተንፈሻ ነው።

ልዩ ፎንት የግድ አይደለም። አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ ፊደል ይዘው ነው የሚመጡት፤ ያንን መጠቀም ለደንበኛው ዳታ አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ካስፈለገ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል። ውፍረቱን ሁለት ብቻ ውሰዱ፤ ዘጠኙንም የሚያወርድ ሰው አይቻለሁ፣ ምን እንደሚያደርግበት እንጃ።

አሮጌ ብሮሹር ካላችሁ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ገልብጣችሁ ስትለጥፉ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። አንድ ሁለት ገጽ ከሆነ አትታገሉ፣ እንደገና ጻፉት።

በመጨረሻም በኮዱ አናት ላይ ያለውን የቋንቋ ምልክት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቀይሩ። ካልቀየራችሁት ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ደንብ ሊያነብ ይሞክራል። በሲዳምኛም የምትጽፉ ከሆነ (በላቲን ነው የሚጻፈው) ለዚያ ገጽ የራሱን ምልክት ስጡት።

4. ፎቶ፣ ሸክሙ እዚህ ነው

አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ይይዛል። 3,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 9 ኪሎባይት ገደማ ነው ማለት ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ደግሞ በቀላሉ 4 ሜጋባይት ይሆናል። ከ400 እጥፍ በላይ! እንግዲህ ገጹ የሚዘገየው በማን ምክንያት እንደሆነ ፍረዱ።

ፎቶውን ከማስገባታችሁ በፊት ስፋቱን ወደ 1,200 ፒክስል አውርዱትና ዌብፒ በሚባለው ዓይነት አስቀምጡት። ስኩሽ የሚባለው ነፃ መሳሪያ ብሮውዘር ላይ ይህን ይሰራላችኋል። አብዛኛው ፎቶ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፣ በስልክ የሚያየው ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ከታች ያሉት ፎቶዎች ሰው ወደ እነሱ ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ አድርጉ። የእያንዳንዱን ቁመትና ስፋትም ኮዱ ውስጥ ጻፉ፤ አለበለዚያ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል። "ደውል" ልትነኩ ስትሉ ገጹ ዘሎ ሌላ ነገር ነክታችሁ አታውቁም? ያ ነው።

የጉግል መለኪያ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይላል። የእኛ የቤት ሕግ ከዚህ ይቀላል፤ አንድ ገጽ በጠቅላላው ከ1 ሜጋባይት አይበልጥ።

ምን ይነሳ ላላችሁኝ፣ ደብተሩን ተመልከቱ። ሰው ስለ መኪና ከጠየቀ ግቢውን አንሱ። ስለ ውሃ ከጠየቀ ሻወሩን። በጠዋት፣ መጋረጃ ተከፍቶ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ አገር ሆቴል አልጋ ፎቶ አታስገቡ፤ እንግዳው ደርሶ ሲያየው የሚጨቃጨቀው ከእናንተ ጋር ነው።

5. በስልኩ ጀምሩ

ገጹን መጀመሪያ 360 ፒክስል ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ስሩ፣ ከዚያ ለኮምፒውተር አስፉት። አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክል የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2010 ስም ወጥቶለት የተስፋፋ ነው፤ ዛሬ ማንም አይከራከርበትም። አሁንም ብዙ ሰው ግን በትልቅ ስክሪን ሰርቶ ስልኩን መጨረሻ ላይ ነው የሚያየው።

ስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ይሁን፣ ከታች አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ ላይ። በ09 ወይም በ07 ሳይሆን በ+251 አስጀምሩት፣ ዲያስፖራውም ይነካዋል። አጠገቡ የቴሌግራም ቁልፍ ጨምሩ።

6. የድረ-ገጹን ስም (ዶሜኑን) በራሳችሁ አስመዝግቡ

ዶት ኮም ይሁን በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚገኘው ዶት ኢቲ፣ ልዩነቱ እንቅልፍ አይነሳም። እንቅልፍ የሚነሳው ባለቤትነቱ ነው። ድረ-ገጹን የሰራላቸው ልጅ ዶሜኑን በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦ ስልኩን የቀየረባቸው ደንበኛ መጥተውብን ያውቃሉ። የአምስት ዓመት ስማቸውን ትተው በአዲስ ስም ጀመሩ። ኢሜይሉም ፓስዎርዱም የእናንተ ይሁን፤ የእድሳቱን ቀን ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፉት።

አዳዲሱ ቴክኖሎጂስ?

ደንበኞቻችን ይጠይቁናል። "ቻትቦት (ለደንበኛ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) አይኖረውም?" 12 ክፍል ላለው ፔንሲዮን አይኖረውም። እትዬ ራሳቸው ከየትኛውም ቦት ይፈጥናሉ። ኤአይ ኮድ ስንጽፍ በየቀኑ ይረዳናል፣ አልክድም። አማርኛ እንዲጽፍላችሁ ካዘዛችሁት ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሰው እንደዚያ ካላወራ ሰርዙት። ጥቁሩ ገጽታ (ዳርክ ሞድ የሚባለው) ይሁን፣ የአንድ ምሽት ስራ ነው። የሚበርና የሚንሸራተት ነገር ይቅር። በቴሌብር ቀብድ መቀበል በስልክ ንግግርም ይቻላል፤ ክፍያውን ገጹ ላይ ማስገባት ያለባችሁ ጥሪው ሲበዛባችሁ ነው።

አንድ ነገር ላንሳ። ፍላሽ የሚባለው የተንቀሳቃሽ ገጽ መስሪያ በአንድ ወቅት የዲዛይነሮች ኩራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባለቤቱ አዶቤ ድጋፉን አቆመ፣ በእሱ የተሰሩት ገጾች ባዶ ሳጥን ሆነው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ የተሰራው የመጀመሪያው ድረ-ገጽ ቅጂ ግን ዛሬም ቴክኖ ስልክ ላይ ይከፈታል። ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነው።

7. እሁድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሞክሩት

ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለው የጉግል መለኪያ ነፃ ነው፤ ተጠቀሙበት። ግን አትመኑት ብቻውን። ከቤቱ ሰው የረከሰውን ስልክ ተዋሱ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ እሁድ ከሰዓት ሕዝቡ ሁሉ ፎቶ ሲልክ ፍቅር ሐይቅ ሄዳችሁ ክፈቱት። ከዚያ ገጹን አይቶ የማያውቅ ሰው ስጡና "ክፍል ስንት ነው?" በሉት። አታግዙት። ጣቱ የት እንደሚሄድ ብቻ ተመልከቱ።

ከወር በኋላ ደብተሩን እንደገና አውጡ። ገጹ ላይ መልስ እያለው አሁንም የሚደወልበት ጥያቄ ካለ መልሱ የተቀመጠበት ቦታ አይታይም ማለት ነው። እትዬ ባለፈው ደውለውልኝ ነበር። "ስለ መኪናው መጠየቅ ቀርቷል፣ ሙቅ ውሃውን ግን አሁንም ይጠይቁኛል" አሉ። ወደ ላይ አወጣነው፣ ከዋጋው ቀጥሎ። ሻወሩን ደግሞ ቅዳሜ ሄጄ እንደገና አነሳዋለሁ፤ የድሮው ፎቶ ላይ ማሞቂያው አይታይም።