የሠርግ ቪዲዮ ጥራቱን ብዙ ሳያጣ ለማሳነስ

የአንድ ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ 14 ጊጋባይት ነበር። በነጻው ቴሌግራም ለመላክ ከ2 ጊጋባይት በታች መሆን አለበት። ሀንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም አማካይ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚመደበውን የዳታ መጠን) ዝቅ ሳደርገው ፋይሉ አነሰ፤ እስክስታው ሲጀመር ግን ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተቆራረጠ። ኤች 265 የሚባለውን አዲሱን የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ሞከርኩ። ምስሉ አማረ፣ የእናቴ አሮጌ ስልክ ግን አልከፍትም አለ።

የሠራው ይኼ ነው፦ ወደ ቀድሞው ዘዴ፣ ወደ ኤች 264 ተመለስኩ፣ በአማካይ ቢትሬት ፈንታ ቋሚ ጥራትን መረጥኩ፣ አርኤፍ (የጥራት ቁጥሩ፤ ሲጨምር ፋይሉም ጥራቱም ይቀንሳል) 22፣ የመቀየሪያ ፍጥነቱ "ስሎው" (ቀርፋፋ)፣ የምስሉ መጠን 720 ፒ። አሁን ፕሮግራሙ ጭፈራው ላይ ብዙ ዳታ ይሰጣል፣ ንግግሩ ላይ ይቆጥባል። ወሳኙ ይኼ ነው። ፋይሉ 1.6 ጊጋባይት ወጣ። የእናንተ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ካላነሰ አርኤፉን አንድ አንድ ጨምሩ። ሙሉውን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ጭፈራ ካለበት ቦታ 30 ሰከንድ ብቻ ቀይራችሁ እዩት።