ዋንዛውን ከመቁረጣችሁ በፊት መዝኑት

ባሕር ዳር ሆናችሁ ኤሌክትሪክ ጊታር በእጃችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ዋንዛውን እንደገዛችሁ መጋዝ አታንሱ። እኔ ቸኩዬ ሳይደርቅ ነሐሴ ላይ የጠረብኩት የጊታር አንገት ጥር ላይ እንደ ቀስት ጎብጦ ጠበቀኝ። የቦዲው (የጊታሩ ዋና አካል) ጣውላማ 4.5 ሴንቲሜትር ግድም ስለሚወፍር ጭራሽ ቶሎ አይደርቅም።

አሁን ከሥሩ ቀጫጭን እንጨት አጋድሜ ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ነፋስ በሁሉም በኩል ያግኘው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን እመዝነውና ቁጥሩን በእርሳስ እዚያው ጣውላው ላይ እጽፋለሁ። (ባለቤቴ ሚዛኗን ፍለጋ ወዴት እንደምትመጣ ታውቃለች።) ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ካልቀነሰ ደርቋል። ክረምት ላይ ግን ቁጥሩ ቢቆምም አትመኑት፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ጥቅምት ካለፈ በኋላ እንደገና መዝኑ። ሻጩ «ደረቅ ነው» ቢላችሁም።