ስፒከሩ ሳይሆን መጋዙ ነው፦ ለስፒከር ሳጥን ኮምፔርሳቶ ስንቆርጥ የሚገጥሙን ችግሮች

መጀመሪያ የሠራሁት የስፒከር ሳጥን ቤዝ በመታ ቁጥር ያፏጭ ነበር። ስፒከሩን ጠረጠርኩ፣ አምፕሊፋየሩን ጠረጠርኩ። ለካስ ጥፋቱ የኔው አቆራረጥ ኖሯል፤ በመጋጠሚያው አየር ያሾልካል።

ቁራጮቹ አጠሩ

ሙሉው ኮምፔርሳቶ ብዙውን ጊዜ 122 በ244 ሴንቲ ነው። እኔም 122ን ለአራት አካፍዬ 30.5፣ 30.5 እያልኩ በእርሳስ አሰመርኩና ቆረጥኩ። ከመጀመሪያዋ በቀር ሦስቱ 30.2 ሆነው ቁጭ አሉ! የመጋዙ ዲስክ ባለፈ ቁጥር 3 ሚሊ ገደማ እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል። ሦስቴ ሲቆረጥ 9 ሚሊ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይህንን 9 ሚሊ ከ122ቱ ላይ ቀንሳችሁ ለአራት አካፍሉ፤ ሁሉንም በአንዴ አታስምሩ። አንዱን ቁረጡ፣ ከአዲሱ ጠርዝ ለኩ፣ ከዚያ ቀጣዩን አስምሩ። ዲስኩ ሁሌም በትርፉ በኩል ይሂድ። ውፍረቱንም ራሳችሁ ለኩት። «18 ሚሊ» ተብሎ የተገዛው 17 ከምናምን ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ የሳጥኑ ሒሳብ ሁሉ ይዛባል።

ጠርዙ ተቦጫጨቀ

የእጅ ማሽን መጋዝ ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጠው። የሚቦጨቀውም የላይኛው ፊት ነው። የሚታየውን ፊት ወደ መሬት ገልብጡት። መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ወይ በከተር ሁለት ሦስቴ ጫር ጫር አድርጉት። ባለ 24 ጥርስ ዲስክ ለሞራሌ ይሁን፤ ለዚህ ባለ 60 ፈልጉ። በጠረጴዛ መጋዝ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቆንጆው ፊት ወደ ላይ።

መጋዙ ይያዛል፣ ጠርዙ ይጠቁራል

ወይ ዲስኩ ደንዟል፣ ወይ ኮምፔርሳቶው መሃሉ ጎብጦ ዲስኩን ነክሶታል። በጉልበት አትግፉት፤ ማሽኑ ወደ እናንተ ተስፈንጥሮ ሊመጣ ይችላል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሞራሌ አንጥፋችሁ ከላዩ ላይ ቁረጡ።

መጋጠሚያው ክፍተት አለው

ቀጥ ያለ እንጨት በሞርሳ አስራችሁ ማሽኑ እሱን ታክኮ ይሂድ። የዲስኩን 90 ዲግሪ በስኳድራ እዩ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ታዲያ። ጂግሶው (ቀጭን ምላጭ ያለው የእጅ ማሽን) ለስፒከሩ ክብ ቀዳዳ እንጂ ለረጅም መስመር አይታመንም፣ ምላጩ ከታች ይጣመማል።

ሳጥኑ ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ከሆነ ያወቃችሁት፣ ሰጋቱራ በኮላ ለውሳችሁ ክፍተቱን ከውስጥ ጠቅጥቁት። ሲደርቅ የስፒከሩን ኮን (የሚርገበገበውን ፊቱን) በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉና ልቀቁ። የአየር መውጫ የሌለው ሳጥን ከሆነ ኮኑ ዝግ ብሎ ይመለሳል። ወዲያው ፈንጠር ካለ፣ ገና ያልተደፈነ ቀዳዳ አለ።